ዳታውን የሚበላው ወንበር

ፍሪጅ ጠጋኙ ቤት ዳታ አይበረክትም። የወር የተባለው ጥቅል ወሩ ሳይጋመስ ድራሹ ይጠፋል። ሚስቱ ደግሞ እቤቷ ተቀምጣ በኢንተርኔት ሂሳብ የምታስጠና ሴት ናት፤ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ተማሪዋ እዚያ ማዶ ጥያቄውን እንደያዘ ይቀራል። በመጨረሻ በቃኝ አለች። ይሄ ነገር ካልተስተካከለ ተማሪዎቼን ሌላ ይወስዳቸዋል፣ አንተም ፍሪጅህን ታቅፈህ ትቀመጣለህ አለችው።

ሰውየው ሞተር ሲያንኳኳ ሰምቶ በሽታውን የሚለይ ነውና እጅ አልሰጠም። ደንበኛ የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር አራግፎ፣ ሰፊ ሃርድ ዲስክ ገጥሞ የቤቱ ሰርቨር አደረገው። ፊልሙም የልጆቹ ካርቱንም አንዴ ከኢንተርኔት ይወርድና እዚያ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ መቶ ጊዜ ቢታይ ዳታ አይነካም።

ዳታው ግን እንደ ልማዱ አለቀ። ልጆቹን ሊቆጣ ተዘጋጅቶ ራውተሩ ውስጥ ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ ቢያይ፣ ልጆቹ የሉበትም። ሆዳሙ የእናቱ ቴሌቪዥን ነው።

እናቱ የሚያዩት ቪዲዮ አንድ ነው፤ ሲያልቅ መልሰው ያንኑ ይከፍታሉ። አንድ አናጢ የወንበር እግር እንዴት እንደሚገጠም ያስተምራል። የሚታየው እጁ ብቻ ነው፤ ድምፁን ግን ፍሪጅ ጠጋኙ አላጣውም። ታናሽ ወንድሙ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ? ሁለቱ የአባታቸው ቤት ይሸጥ አይሸጥ ብለው ተጣልተው፣ ታናሽየው አድራሻውን እንኳ ሳይተው ርቆ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ስሙ በዚህ ቤት አይነሳም። እናትም በትልቁ ልጃቸው ጣሪያ ሥር እየኖሩ የትንሹን ማንሳት ከብዷቸው ሆድ ይፍጀው ብለዋል።

እሱም አይቶ እንዳላየ ሆነ። ቪዲዮውን አውርዶ ሰርቨሩ ላይ ጫነና የእናቱ ቴሌቪዥን ከዚያ እንዲያጫውት አደረገ። ያው ወንበር፣ ያው ድምፅ፤ እሳቸው መለወጡንም አላወቁ። ዳታው እስከ ወሩ መጨረሻ ደረሰ። ሚስቱ መረቀችው፣ እሱም ትንሽ ተኮፈሰ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ የአንድ ምግብ ቤት ፍሪጅ ፈታትቶ እጁ ቅባት በቅባት እንደሆነ ከማያውቀው ቁጥር ተደወለለት። ስልኩን በትከሻው ደግፎ ሃሎ አለ።

«እማዬ መቼ ነው የሞተችው?» አለ የወንድሙ ድምፅ።

ምን ታሟርታለህ፣ ደህና ናት አለው። አናጢው ማዶ ሆኖ ማልቀስ ጀመረ። እየቆራረጠም ነገረው፤ ያንን ቪዲዮ ከአንድ ሰው በቀር የሚያየው የለም። አንድ ወንበር በየቀኑ ደጋግሞ የሚያይ ከእናቴ ሌላ ማን ይሆናል ብሎ፣ ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ያለው የተመልካች ቁጥር መጨመሩን አይቶ፣ ዛሬም ሰላም ብላኛለች እያለ ነበር ሥራውን የሚጀምረው። ሰሞኑን ቁጥሩ ቀጥ አለ።

ፍሪጅ ጠጋኙ ሰርቨሩ ትዝ አለው፤ እዚያ ላይ የሚታይ ኢንተርኔት ላይ አይቆጠርም።

«ብትሞት እነግርህ አልነበር?» አለ።

«ትነግረኝ ነበር?»

አዎ ሊል ነበር። ራሱን ጠየቀና ራሱንም አላመነው፤ በጣም አፈረ።

«እንዳትዘጋው» አለው፣ «ወደ እሷ እየሄድኩ ነው።»

የምግብ ቤቱ ባለቤት ፍሪጄስ እያለ ሲጣራ፣ እሱ መንገዱን ተሻግሮ ነበር።