የሁዳዴ ወተት

ሊቶሪናው ጣቢያው ላይ ሲቆም አሰለፈች ከአጥሩ ጥላ ወጥታ ከሚወርዱት በሽተኞች መሀል ገባች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። በስተግራዋ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ፣ በስተቀኟ ጉልበቷ ያበጠ ወፍራም ሴት ይራመዳሉ። እሷም ትንሽ ማነከስ ጀመረች። ከፍርሃት በቀር ምንም አላመማትም።

ከባቡር የወረደ በሽተኛ መንገዱ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ፍል ውሃው፣ ከዚያ ወደ ገበያው። ድሮ መኳንንቱ ድንኳን አስተክለው ይነከሩበት ነበር የሚባልለት ውሃ ዛሬም እንደ ድሮው ይፈላል። ከበላዩ ግን መፈክር የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ ተወጥሮበታል። ታጥቦ የወጣው ሰው በጨርቁ ሥር ጎንበስ ብሎ ያልፋል። ጨርቁ ከፍ ብሎ ነው የተሰቀለው፤ ያጎነበሱት ዝቅ ስላለባቸው አልነበረም። በዚያ ዓመት ሁሉም ሰው ጎንበስ ማለት ለምዶ ነበር።

አሰለፈች ሌላ ጊዜ ብትሆን ወደዚህ ገበያ የምትመጣው አንገቷን ቀና አድርጋ ነው። የባቡር ሠራተኛው የተሰማ ሚስት ነበረች፤ ባሏ ከሞተም በኋላ የሠራተኞቹ ሰፈር አላስወጣትም። ሽንኩርት ሻጩም ድንች ሻጩም በስሟ ይጠራታል። ዛሬ የፈራችው ይህንኑ ነው። ማንም በስሟ እንዳይጠራት።

ጓዳዋ ውስጥ፣ ከጤፍ ጆንያው ኋላ፣ ታናሽ ወንድሟ ሳህሌ ተኝቷል። ጓደኞቹ በአብዮት ጠባቂዎች በተያዙ ሌሊት አምልጦ በአቃቂ ወንዝ ቄጠማ ውስጥ ተደብቆ አደረ። አጥር ዘሎ እሷ ዘንድ ሲደርስ ብርዱ ሳንባው ገብቶ ነበር። አሁን ይስላል። ትራሱን ነክሶ፣ ፊቱ እስኪጠቁር ታፍኖ ይስላል። የቤቱ ግድግዳ ከጎረቤት ጋር አንድ ነው። በሶ ብትሰጠው መለሰው፤ የአጃ ሾርባም አልረጋለትም። ዛሬ ጠዋት ዓይኑን ሳይገልጥ «ትኩስ ወተት» አላት። ልጅ እያለ ሲያስለው የምታበርድለት በዚያ ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት።

ወተት መግዛት ምን ያስፈራል? በሌላ ወር ቢሆን ምንም። በሁዳዴ ግን አራስ በሌለበት፣ ሕፃን በሌለበት፣ ባለቤቷ ጾም አጥባቂ በሆነች ቤት ወተት ከገባ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ካድሬ መሆን አያስፈልግም። የሰፈሩ ዶሮ እንኳ ይገባዋል።

ገበያው ከሰፊው ዋርካ ሥር ጀምሮ እስከ ሐዲዱ ይደርሳል። ከየመንደሩ የመጡ ገበሬዎች አህዮቻቸውን አስረው ጎመኑን፣ ምስሩን፣ አፈር ያልተራገፈለትን ድንች ደርድረዋል። እንቁላል ተራው ጭር ብሏል። ወተት ተራው ብቻ ከነሕይወቱ አለ፤ በሽተኛን ጾም አይይዘውምና የፍል ውሃው ሰዎች እየታጠቡ መጥተው ይጠጣሉ። አሰለፈችም ከእነሱ ጋር ተሰለፈች፤ ያዘጋጀችው ዘዴ ይኸው ነበር።

የምታውቃት ሻጭ አለሚቱ ናት። በሌላ ጊዜ ለገናም ለፋሲካም ቅቤ የምትወስደው ከእሷ ነው። አለሚቱ ቀና ብላ አየቻት፤ ነጠላውን፣ በእጇ የያዘችውን ጠርሙስ፣ እንደገና ፊቷን። ስሟን ለመጥራት የከፈተችውን አፍ መልሳ ገጠመች። አሰለፈች በልቧ አመሰገነቻት።

አለሚቱ የቅሉን ክዳን አንስታ፣ እንደ ገበያው ወግ፣ ጠብታ ወተት በአሰለፈች መዳፍ ላይ አፈሰሰችላት። ውሃ አለመግባቱን ገዢ በምላሱ ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ልኬት የሚጀመረው። ወተቱ የወይራ ጢስ ይሸታል። አሰለፈች መዳፏን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችና፣ ምንም ሳታስብ፣ ወተቱን መሬት ላይ ደፍታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

አመል ያወጣል ከመሀል። ያደረገችው የገባት ካደረገች በኋላ ነው። ከፊቷ የነበሩት ሽማግሌ መዳፋቸውን ልሰው ነበር፤ ባለ ጉልበቷም ልሳለች። በሽተኛ ሁሉ ይልሳል። የደፋችው እሷ ብቻ ናት። ምናልባት ማንም አላየም፣ አለች ለራሷ። ጠርሙሱ እስኪሞላ ድረስ ዓይኗን ከቅሉ አላነሳችም።

«እትዬ አሰለፈች!»

ቀናው ነው። የአብዮት ጠባቂው ቀናው፣ ጠመንጃውን እንደ ማረሻ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ዋርካው ሥር ቆሟል። ጠመንጃ ከመያዙ በፊት እርስዎ ይላት ነበር፤ በዓል ሲሆን ቤቷ እየመጣ ዳቦ በልቷል።

«ታመምሽ እንዴ?»

«ጨጓራዬን ነው፣ ልጄ። ሐኪሙ ወተት ጠጪ አለኝ፤ የንስሐ አባቴም ፈቀዱልኝ።» ድምፅዋ እንዳይንቀጠቀጥ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ታዲያ መዳፍሽ ላይ ያለውን ለምን ደፋሽው?»

አሰለፈች ጠርሙሱን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«እናቴም በጾም እንደዚሁ ነው የምታደርገው» አለ ቀናው፣ ፈገግ እንደማለት እያለ። «ታሸትና ትደፋዋለች።» ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «መድኃኒትሽ ነዋ፤ ጠጪው። እዚሁ።»

ከሽንኩርት ተራ የጽዋ ማኅበሯ ሴት አንገቷን አስግጋ ታያለች። አሰለፈች ከልጅነቷ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፋ አታውቅም፤ ባሏ በሞተበት ዓመት እንኳ። ጠርሙሱን ወደ አፏ አነሳች። ወተቱ ገና ለብ ያለ ነው። የመጀመሪያውን ጉንጭ ዋጠች። እግዚአብሔርን ይቅር በለኝ ማለት ፈልጋ ነበር፤ በሐሳቧ የመጣው ግን ሳህሌ ብቻ ነው፤ የደረቀው ከንፈሩ። እያንዳንዱ ጉንጭ የእሱ ነው። የወንድሟን ወተት እየጠጣችበት ነው። ግማሽ ላይ ስትደርስ ጠርሙሱን ዝቅ አደረገች።

«ጨርሽው እንጂ።»

ጨረሰችው። የማኅበሯ ሴት አማትባ ፊቷን አዞረች።

ቀናው ባዶውን ጠርሙስ ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አንስቶ አየውና መለሰላት። «ይማርሽ» አለ። ጥቂት ራመድ ካለ በኋላ ዞረ። «ከሰዓት መጥቼ እጠይቅሻለሁ። የታመመ መጠየቅ የአገራችን ወግ ነው፤ አብዮቱ አልከለከለም።»

እስኪርቅ ድረስ አሰለፈች ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ሌላ ወተት ልግዛ ብላ ጠርሙሱን ዘርጋ አድርጋ መልሳ ሰበሰበችው። ደግሞስ በምን ፊቷ? አለሚቱ ቅሏን እየከደነች፣ ወደ መሬት እያየች፣ አጠገቧ ላለው የጎመን እስር የምትናገር እስኪመስል ድረስ ቀስ ብላ «ሂጂ፣ እህቴ» አለቻት። «እኔ ወደ ሰፈራችሁ ጎመን አዞራለሁ። ከእሱ በፊት እደርሳለሁ።»

አሰለፈች እስከ ቤቷ ድረስ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህቺ ሴት ምን ያህል ገብቷታል? የገባትንስ ለማን ትነግራለች? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሏል። በክፉ ዘመን ደግነት ራሱ ያስፈራል።

ሳህሌ ነቅቶ ጠበቃት። ጆንያውን ገፋ አድርጋ ጎንበስ ስትልለት ትንፋሿን አሸተተ። «ወተት» አለ ዓይኖቹ በርተው። ከዚያ እጇ ላይ ያለውን ባዶ ጠርሙስ አየ። አሰለፈች ማስረዳት አልቻለችም፤ ግንባሩን ይዛ አለቀሰች። ሊያጽናናት ሲል ሳሉ መጣበት። ትራሱን አፉ ላይ ጫነችለት፤ ሰውነቱ ከእጇ ሥር እንደተያዘ ዓሣ ተንፈራገጠ። ወንድሜን በገዛ እጄ ልገድለው ነው ብላ ፈራች።

«ጎመን! ጎመን የሚገዛ!»

አለሚቱ ነበረች። ገብታ በሩን በጀርባዋ ገጠመችው። የጎመኑን እስር ስትገልጠው ትንሿ ቅል ከቅጠሉ መሀል ብቅ አለች። ማን ታመመ ብላ አልጠየቀችም። እንደ ልማዷ ጠብታ ወተት በአሰለፈች መዳፍ ላይ አፈሰሰችላት፤ አሰለፈችም ጎንበስ ብላ ላሰችው።

«ይኸው ነው» አለች አለሚቱ።

ወተቱን ለማሞቅ ምድጃው ላይ ገና መጣዷ ነበር። ከውጭ፣ ከኮረቱ ላይ፣ የቡትስ ኮቴ ተሰማ። መጣ፣ መጣ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ቤቶች!» አለ ቀናው።

አለሚቱ ብረት ድስቱን አንስታ ሰፌድ ደፋችበትና የጎመኑን እስር ይዛ ጓዳው በር ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። በአገጯ አልጋውን አመለከተቻት። «ታመሚ» አለች በሹክሹክታ።

አሰለፈች አልጋው ላይ ወጥታ ጋቢውን እስከ አንገቷ ሳበች። ከዚህ በኋላ የሚሰማ ሳል ሁሉ የእሷ መሆን አለበት። በሩ ሲጢጥ ሲል ለመሳል አፏን ከፈተች።

ሳሉ ከጓዳ ቀደማት።