አጎትን አልፎ ማረፍ

ማውን ከተማ ዳር ባለው አሸዋማ የአውሮፕላን ሜዳ የበረራ ተማሪዋ የጋኦኔ እግር እረፍት አጥቷል። ትንሿ ጎማዋ ጭራዋ ሥር ያለች አውሮፕላን የምትከዳው መሬት ከነካች በኋላ ነው፤ ጭራዋን የሚያዞረውን የእግር መርገጫ ለአፍታ ከዘነጉት ጭራዋ ልቅደም ይላል።

ገና ጎማው አሸዋውን ሲነካ ጋኦኔ ከሜዳው ዳር የቆሙትን አጎቷን አየች። ሳታስበው ቀኝ እጇን ዘርግታ፣ በግራዋ ክርኗን ደግፋ፣ ለታላቅ እንደሚገባው ጎንበስ አለች። አውሮፕላኗ ጭራውን እንደሚያባርር ውሻ ተሽከርክራ ወደመጣችበት ዞራ ቆመች።

«ሰላምታሽስ ቆንጆ ነው!» አሉ ከኋላዋ የተቀመጡት አስተማሪዋ ራ ዲካንግ። «መርገጫውን ማን ረገጠልሽ?»

እልህ ይዟት ደግማ ተነሣች። ስታርፍ ጥርሷን ነክሳ፣ ዓይኗን ከሜዳው ጫፍ ሳትነቅል፣ ግራ ቀኝ እየረገጠች አጎቷን እንደ ጉቶ አለፈቻቸው። አውሮፕላኗ ቀጥ ብላ ቆመች። ጋኦኔ ሞተሩን አጥፍታ ወደ አጎቷ ሮጠች።

«ደህና ዋሉ፣ አጎቴ!»

«አሁን ገና ታየሁሽ?» ፊታቸውን አዞሩባት። «አብራሪ ሆንኩ ብለሽ ኮራሽብን!»

እንባዋ መጣ። ራ ዲካንግ ከኋላዋ ደርሰው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ።

«ዓይንሽን ከሜዳው ትነቅዪ እንደሆን ላይ ብዬ ኑልኝ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ነገ ደግሞ እናትሽን ነው የምጠራው።»