ቀን የሌለው ውል

«ታዲያ ስንት ቦምብ አስፈረሳችሁ?»

እናቷ በማለዳ ደውለው ጠየቋት። ስለ አንቀጽና ስለ ረቂቅ አፏን ሞልታ የምትናገረው ተደራዳሪ፣ «እማዬ፣ ነገሩ ቀስ በቀስ ነው» ብቻ አለች።

«ቀስ በቀስማ አባትሽም ሞተ። ያ የቦምብ ሙከራ አቧራ ሳንባው ውስጥ ገብቶ፣ ቀስ በቀስ።»

ከሰዓት በኋላ የድርድሩ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣም የእናቷ ድምፅ አልለቀቃትም። ብርጭቆዋን ታነሣለች፤ ሳትጠጣ ትመልሰዋለች።

ጭቅጭቁ በውሉ አንዲት መስመር ላይ ነበር፤ የኑክሌር ቦምቦቹ መፍረስ የሚጀምሩበት ዓመት። ሦስቱ ባለቦምብ አገሮች «ዓመቱ ካልተሰረዘ ጥለን እንሄዳለን» ብለዋል።

አለቃዋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ይሰረዝላቸው። ሁሉም ወንበሩ ላይ እንዳለ ውሉ ከጸደቀ ተሳካልን ማለት ነው።»

«ቀን የሌለው ውል? ይሄማ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ጋሼ!»

«አንቺ ደግሞ ዛሬውኑ ካላለብኩ ትያለሽ! መጀመሪያ ላሚቱ አትሽሽብን።» ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠው። «ለሚኒስትሩ ደውዬ ልምጣ። ሰሌዳችንን እንዳትነኪ። ከነካሽው ነገ ቢሮ እንዳላይሽ።»

እዚህ አዳራሽ እጅ አይወጣም፤ ድምፅም አይቆጠርም። ሊቀመንበሯ ታነባለች፤ የአገሩን ስም ሰሌዳ ወደ ላይ ያቆመ ከሌለ መዶሻዋን ትመታለች። ዝም ያለ ተስማማ፤ አንድ ሰሌዳ ከቆመ ግን አይጸድቅም።

«ዓመቱ ተሰርዞ 'ወደፊት በሚወሰን ጊዜ' በሚል ተተክቷል» አለች ሊቀመንበሯ። «ተቃውሞ አለ?»

አንድም ሰሌዳ አልቆመም። መዶሻው ከፍ አለ።

የተደራዳሪዋ እጅ ከሐሳቧ ቀደመ። ሰሌዳውን አቆመችው።

ሊቀመንበሯ መዶሻውን ሳትመታ መለሰችው። «እሺ፣ ይናገሩ።»

«ዓመቱ ይመለስ» አለች። «ያለ እሱ ምን እንደተስማማን ለሰው መንገር አንችልም።»

አለቃዋ በሩ ጋ ስልኩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ወንበሮች ተንኳኩ። ከባለቦምቦቹ ሁለቱ ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ፤ አለቃዋም «ኧረ ክቡራን፣ ኧረ በፈጠራችሁ!» እያለ ተከተላቸው።

ሦስተኛው ግን ቦርሳውን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ከወንበሩ ሳይነሣ ቀረ።