የማስመሪያው ማጅራት

የጂኦሜትሪ መምህሩን የፎቶ ጓደኞቹ «ማስመሪያው» ይሉታል። ሰባት ዓመት ሙሉ ባመጣው ፎቶ ሁሉ ግድግዳው ቀጥ፣ ደረጃው ቀጥ፣ የመብራት ምሰሶው ቀጥ ያለ ነው። ሰው ሲያነሳ እንኳ ምሰሶ ያስመስለዋል። ስሙን አልወደደውም፤ ግን ሐሰት ነው ብሎ የሚከራከርበት ፎቶም አልነበረውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መነጽር ቤቱ ቀደም ብሎ ይዘጋና ስምንት ሰዎች ከኋላ ክፍሉ ይሰበሰባሉ። ሥራቸው ለየቅል ነው፤ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ማንሳት፣ ፊልሙን በገዛ እጅ ማጠብና ማተም ግን ሁሉንም የለከፋቸው ፍቅር ነው። ባለ መነጽር ቤቱ፣ ደንበኞች ፊደል የሚያነቡበትን ሰሌዳ ያወርድና ፎቶዎቹ በሰሌዳው መብራት ሥር ይደረደራሉ። ሕጋቸው አጭር ነው። ፎቶው ጀርባ ላይ ስም አይጻፍም። ሁሉም የመሰለውን ተናግሮ እስኪጨርስ ያነሳው ሰው ትንፍሽ አይልም።

የሁሉም የበላይ እማማ ራጅ ናቸው። አርባ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ሲያነሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴትዮ ናቸው፤ እስከ ዛሬም ማንኛውንም ፎቶ በልማድ ወደ መብራቱ ቀና አድርገው ነው የሚያዩት። ጥቁርና ነጭን እንደ እሳቸው የሚያነብ የለም። አንድ ፎቶ ከልባቸው ሲገባ «ሚስማር!» ይላሉ፤ ያ ፎቶ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። በሰባት ዓመት ውስጥ ለማስመሪያው አንድም ሚስማር አልተመታለትም።

«ንጹሕ ነው ልጄ፤» ይሉታል ሁልጊዜ። «አጥንቱ ሁሉ በቦታው ነው። በሽተኛው ግን ሞቷል።»

የዚያን ቅዳሜ ማስመሪያው አራት ፎቶ ይዞ ሄደ። ሦስቱ የራሱ ናቸው። አራተኛዋ ግን የሚስቱ ነበረች።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ካሜራውን እንዳትነካ ከተጋቡ ጀምሮ ተነግሯታል። እሱ መታጠቢያ ቤት ሳፋ ላይ አጎንብሶ ፎቶ ሲያለቀልቅ፣ ጠረጴዛ ላይ የተወውን ካሜራ አንስታ የፊልሙን የመጨረሻ ፎቶ ተኩሳበታለች። ፊልሙን ሲያጥብ አገኛት። ሊቆጣ ነበር፤ ይልቅስ አተማት። ፎቶዋ ዘማለች፣ ጭንቅላቱ እኩሌታው ተቆርጧል፣ እጆቹ ደብዝዘዋል። ጎላ ብሎ የሚታየው ከመስኮቱ ብርሃን ያረፈበት ማጅራቱ ብቻ ነው። በእሱ ሒሳብ የምትጣል ፎቶ ናት። ዓይኑ ግን አልለቅ አላት። እስቲ እነሱ ይንገሩኝ፣ መጨረሻ ላይ የሚስቴ ናት እላለሁ ብሎ ከፖስታው ጨመራት።

የራሱን ሦስቱን እንደተለመደው «ንጹሕ» ብለው አለፏቸው። አራተኛዋ ስትቆም ግን ሁሉም ወንበራቸውን ወደ መብራቱ ሳቡ።

«ኧረ በስመ አብ!» አለ ባለ መነጽር ቤቱ። «ጥቁሩን እዩት እስቲ። ድቅድቅ ያለ ነው፤ ግን ውስጡ ያለው ሁሉ ይታያል።»

«ውሃው ከክርኑ ሊንጠባጠብ ሲል እኮ ነው የያዘው!» አለች መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ። «አንድ አፍታ ቢዘገይ አመለጠው።»

ማስመሪያው እንዲህ ያለ ቃል ከእነዚህ ሰዎች አፍ ሲወጣ የሰማው ለሌላ ሰው ብቻ ነው። እማማ ራጅ ፎቶዋን ወደ መብራቱ ቀና አድርገው ቆዩ። ከዚያ ዝቅ አደረጓት፤ ድምፃቸውም አብሮ ዝቅ አለ።

«ያነሳው ሰው ይህን ሰው ይወደዋል፤» አሉ። «ሌላ የምለው የለኝም። ሚስማር! የማን ናት?»

«የእኔ፤» አለ ማስመሪያው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አጨበጨቡ፤ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት፤ መዶሻውን አቀበሉት። ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚስቱን ፎቶ ለራሱ ሰቀለ። አጠገቡ የሚቀመጠው ፀጉር አስተካካይ ብቻ አላጨበጨበም። ሲወጡ በር ላይ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«መምህር፣ ያንን ማጅራት እኮ በየሁለት ሳምንቱ የምላጨው እኔ ነኝ፤» አለው። «ራስህን እንዲህ እንደምትወድ ግን አላውቅም ነበር።»

ለማንም እንደማይናገር ፊቱ ያስታውቃል። ማስመሪያው የሰው ምሥጢር ተሸክሞ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ የራሱ ከበደው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ቀና ሳትል፣ እንደ ሁልጊዜው «ዛሬስ ምን አሉህ?» አለችው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት። ፎቶዋን መውሰዱን፣ ጥቁሩን፣ ውሃውን፣ ሚስማሩን። መኪናዋን አቆመች። ፈገግታዋ እስከ ጆሮዋ ሲደርስ አየው።

«ከዚያ የማን ናት ሲሉ የእኔ አልኩ።»

ከጨርቁ ላይ የተንጠለጠለ ክር በጠሰች።

«አጨበጨቡልህ?»

«አጨበጨቡ።»

«እሰይ!» አለች። «ሰባት ዓመት ጠብቀሃል። እኔ ሚስማር ምን ያደርግልኛል?» ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ቅር ያላት አትመስልም፤ እሱን ያንገበገበው ይሄው ነው። ብትሰድበው በወደደ።

በሳምንቱ ቅዳሜ እምቢ ስትል አግባብቶ ይዟት ሄደ። ማንም ፎቶ ሳያወጣ ብድግ አለ። ሰባት ዓመት የለፋለትን አክብሮት በአንድ አረፍተ ነገር ሊያፈሰው ነው።

«ያቺ ፎቶ የእኔ አይደለችም። ዋሽቻችኋለሁ። ያነሳችው እሷ ናት።»

እማማ ራጅ እሱን ትተው ሚስቱን አዩ።

«ለምን ከኋላው አነሳሽው ልጄ?»

«ከፊቱማ ካነሳሁት ቀጥ ይላል፤» አለች እያፈረች። «ጀርባውን ሲሰጥ ነው ራሱን የሚረሳው።»

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ሰባት ዓመት ሲነግሩት ያልገባው ነገር በዚህች ቃል ገባው፤ እሱም ሳይወድ ሳቀ።

«ያልኩትን ሁሉ ነግሮሻል?» አሉ እማማ ራጅ።

«አንድ ሳያስቀር።»

«ያነሳው ሰው ይወደዋል ማለቴንስ?»

ወደ ባሏ ዞረች። ማስመሪያው ያን ቀን ሁሉን ሲያወራ ይህችን ብቻ ውጧት ነበር፤ አፉ ላይ ደርሳ አልወጣ ብላው።

«እሱን አልነገርኳትም፤» አለ። «ታውቀዋለች ብዬ።»

«እኔማ አውቃለሁ፤» አለች። «አንተ ታውቅ እንደሆን ነው እንጂ።»

ማስመሪያው አንገቱን ደፋ፤ የሰሌዳው መብራት ማጅራቱ ላይ ወደቀ።

«ይኸውላችሁ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ አንዴ የእሱን ማጅራት፣ አንዴ ግድግዳው ላይ ያለችውን ፎቶ እየጠቆመ።