ያላነሣሁት ክንድ

አባቴ ቀለም ቀቢ ነው። ሠላሳ ዓመት አንጋጦ ጣሪያ ሲቀባ የኖረ ሰው አንድ ጠዋት፣ "ዶክተሬ፣ ትከሻዬ አመፀብኝ" አለኝ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ እንጂ ዶክተር አይደለሁም። ለእሱ ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

"ወድቀህ ነበር?"

"መሰላል ይወድቃል እንጂ እኔ አልወድቅም!"

እጅህን አንሣ አልኩት። ከደረቱ አላለፈም። ስኳር ስላለበት፣ የመገጣጠሚያው ሽፋን ተኮማትሮ ትከሻው ደርቋል ብዬ ደመደምኩ። እንዲህ ያለው ዓመትም ቢፈጅ በትዕግሥት ይለቃል። በጣቶቹ ግድግዳ እየቧጠጠ ክንዱን ወደ ላይ እንዲያስወጣ አዘዝኩት።

ለማንኛውም ታካሚ የማደርገውን አንድ ነገር ግን ለእሱ አላደረግኩም። ክንዱን ይዤ ራሴ አላነሣሁትም። የደረቀ ትከሻ ሌላ ሰው ቢያነሣውም እምቢ ይላል፤ ጅማቱ የተበጠሰ ግን በሰው እጅ እሺ ብሎ ይወጣል። አባቴን ሸሚዝህን አውልቅ ማለት አፈርኩ።

ስምንት ወር ሙሉ ቧጠጠ። እናቴ፣ "ቀቢ መስለኸኝ ነበር፤ ለካ ቀለም ላጭ ነህ!" ትለዋለች።

"ልጄ ያዘዘኝን ነው" ይላታል በኩራት።

አልሻል ሲለው አጥንት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ክንዱን ይዞ ሲያነሣው እስከ ጆሮው ድረስ ወጣ። ሲለቀው ዱብ አለ።

"አባት፣ ወድቀዋል አይደል?"

"መሰላሉ ሸተት ሲል በአንድ እጄ ተንጠልጥዬ ነበር" አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ። "ለእናቱ እንዳይነግርብኝ ብዬ ነው የደበቅኩት።"

የምርመራው ውጤት በሳምንቱ መጣ። ክንድ የሚያነሡት ጅማቶች ተበጥሰዋል። "በጊዜው ቢመጡ ይሰፋ ነበር" አለ ሐኪሙ። "አሁን ጡንቻው መንምኗል፤ ክር አይይዝም። ጣሪያ መቀባት ይቅርብዎ። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ጊዜ ማን ነው እንቅስቃሴ ያዘዘልዎት?"

አባቴ ቀደመኝ። "ጎረቤት ነው። ልጄማ ቢያየኝ ኖሮ ያውቀው ነበር።"

"እኔ ነኝ ያዘዝኩት" አልኩ።

"አይስሙት፣ ዶክተር። አባቱን ይወዳል።"

ቤት ስንደርስ ሸሚዙን ማውለቅ አቃተው፤ ቁልፎቹን ፈታሁለት። ትከሻው ጎድጉዶ አጥንቱ ሾሏል። ዓይኑን ከእኔ ሸሽቶ ወደ ቧጠጠው ግድግዳ ተመለከተ።

"እሱን አንተ ትቀባዋለህ" አለኝ። "ብዙ አያደክምህም። ከደረቴ በላይ አንድ ቀንም አልነካሁትም።"