የተከናነበችው ንግሥት

«ማርያሟን ለእኔ ስጪኝ። ልጄ አንገት ላይ የከረመች ናት፤ እኔ ላጥልቃት።»

እማማ ኣስገደት ቪዛው ዘግይቶባቸው ከአዲስ አበባ የደረሱት ልጃቸው ትስፋልደት ከተቀበረ በኋላ ነው። ልቡ በድንገት ቆሞ ነው የሞተው። ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር ያለችው ጠባብ ቤቱ በለቀስተኛ ጢም ብላለች። ሚስቱ ሲኒት ሆስፒታል ከአንገቱ ያወለቁላትን፣ አሁን ፎቶው ሥር ያለችውን የብር ሳንቲም ዓይኗን ተክላ አየቻት። ልብሱም ጫማውም ለፈለገ ይሰጥ፤ ይቺን ግን ለማንም መስጠት አልፈለገችም።

ጓደኛዋ ሣባ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «አሎራ፣ በቃ ንገሪያቸዋ። ማርያም አለመሆኗን ካወቁ በእጃቸውም አይነኳት።»

እውነቷን ነው። ብሯ ላይ ያለችው የተከናነበች ሴት የጥንት ሮማ ንግሥት ፋውስቲና ናት። ትስፋልደት ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ጥንታዊ ሳንቲም የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ይሠራ ስለነበር፣ እራት ላይ የነገሥታቱን ወሬ ያመጣላት ነበር። አንዱ ገና ዙፋኑ ላይ ሳይደላደል መልኩን በብር ያስቀርጻል፤ ሌላው በሳንቲሙ ጀርባ ንስር ያስደርጋል።

«ሁሉም እዩኝ እዩኝ ባይ ናቸው» ይል ነበር እየሳቀ። «ንጉሡ አንቶኒኖስ ግን ሚስቱ ፋውስቲና ስትሞትበት የእሷን መልክ አስቀረጸ። አገሩ ሁሉ እንዲያያት።»

በተጋቡበት ዓመት ያቺን ብር ገዝቶ በክር አንገቱ ላይ አሰራት። እናቱ በቪዲዮ ሲያዩዋት «ወላዲተ አምላክ ትጠብቅህ» ብለው ስልኩን ሳሙት። ሲኒት በኋላ ተቆጣችው።

«ለምን ትዋሻቸዋለህ?»

«ምን ዋሸሁ? ዝም ነው ያልኩት። ሰው አገር ነው ብላ እንቅልፍ ያጣች እናት፣ ጠባቂ አለው ብላ ትተኛ።»

እንዲህ ነበር ትስፋልደት፤ የሰው ደስታ የሚያደፈርስ ቃል ከአፉ አይወጣም። ስንቴ ተናዳበታለች በዚህ ጠባዩ። አሁን ግን ናፈቃት፤ በጣም ናፈቃት።

«እማማ» አለች።

«ወይ ልጄ።»

እማማ ኣስገደት ነጠላቸውን ከአንገታቸው ዝቅ አድርገው ይጠብቃሉ። ዓይናቸው በልቅሶ አብጧል። ሲኒት አፏ ድረስ የመጣውን ቃል ዋጠችው።

«ጎንበስ ይበሉልኝ።»

ክሩን ከኋላ ቋጠረችላቸው። ብሯ ገላቸውን ስትነካ ቀዘቀዘቻቸውና ደንገጥ አሉ። ሲኒት መዳፏን ደረታቸው ላይ አሳርፋ፣ ብሯ እስክትሞቅ ድረስ አላነሳችም።