የሚካኤል ዕለት ቆጠራ

የድልድይ መርማሪው የሺጥላ ጓንቱን አውልቆ የተንጠልጣዩን ድልድይ የብረት ገመድ በጣቱ ዳሰሰው። ገመዱ ምሰሶው ላይ በሚታጠፍበት ቦታ የተበጠሱ ቀጫጭን ሽቦዎች እንደ እሾህ ወጉት። እስከ መስቀል ድረስ ይቆያል ብሎ የተነበየው ራሱ ነበር። ጠጋኞቹም በእርሱ ቃል አዲሱን ገመድ ይዘው በቡሬ በኩል ወዳለ ሌላ ድልድይ ሄደዋል።

ስህተቱን ለመፈለግ አልደከመም። ገመዱን የሚበላው የሚሻገረው ሸክም ነው፤ ሸክሙን የቆጠረው ደግሞ በኅዳር ሚካኤል ነበር። በሚካኤል አህያ የሚጭን እንደሌለ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ሆኖም የአክስቱ የጽዋ ማኅበር በዚያው ዕለት ስለዋለ ሁለቱን ጉዳይ በአንድ መንገድ ጨረሰ። ነጠላ የለበሰ ሰው ሲሻገር ቆጠረ፤ ከዚያም ገብቶ ጠላውን ጠጣ።

የድልድዩን አፍ በእንጨት እንደዘጋ ከፍኖተ ሰላም በአህያ ማዳበሪያ ጭነው የሚመለሱ ሰዎች ደረሱ። ከፊት ያሉት አክስቱ የሻሽወርቅ ነበሩ።

«ምነው፣ ቀረጥ ልትቀበለን ነው?»

«ገመዱ ሊበጠስ ነው እትዬ። ማንም አይሻገርም።»

«እንግዲያ የማዶው በቆሎ ተነሥቶ ወደ ማዳበሪያው ይምጣ» አለ ያረጋል፣ የአክስቱ ጎረቤት። ሰዉ ሳቀ። የታችኛው መሻገሪያ በትናንቱ ዝናብ ሞልቷል፤ ዘሩም አይጠብቅም።

«ተው አንተ» አሉ የሻሽወርቅ። «ይህ ልጅ ባይደርስልን ወንዝ ውስጥ ነበርን። እደግ፣ የእህቴ ልጅ።»

ሌሎቹም ተቀብለው መረቁት። የሺጥላ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። ስልኩን አውጥቶ ለአለቃው ለስመኘው ደወለና አዲሱ ገመድ እንዲመለስለት ለመነ።

«እስከ መስቀል ብለህ አልነበር? ምን ተገኘ?»

በድንገት ተበላ ማለት ይችል ነበር። ያን ጊዜ ግን አጣሪ እስኪላክ አዲሱ ገመድ እዚያው ቡሬ በኩል ይተከላል፤ የዘር ወቅቱም ያልፋል።

«ቆጠራዬ ነው የተሳሳተው። በሚካኤል ቀን ነው የቆጠርሁ።»

«የጎጃም ልጅ ሆነህ? ምን ነካህ?»

«አክስቴ ዘንድ ጽዋ ነበር።»

«ገመዱን ነገ እልከዋለሁ። አንተም መልስ ትሰጥበታለህ» ብሎ ስመኘው ስልኩን ዘጋው።

የሺጥላ ዞር ሲል የሚስቅ አልነበረም።

«ለካ ድልድዩን የበላው የእናንተ ጽዋ ነው» አለ ያረጋል፣ የሻሽወርቅን እያየ።

እሳቸው ወደ የሺጥላ ዞረው ድምፃቸውን ሳያነሡ «ና ብላ ብዬ ጠራሁህ እንጂ በዚያ ቀን ቁጠር ብዬሃለሁ?» አሉት።

«አላሉኝም እትዬ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ለአለቃህ እንዲያ አላልኸውም።»

ጭነቱን ሊያወርድላቸው ቀረበ። የሻሽወርቅ አህያቸውን ወደ ሌላው ጎን አዙረው ያረጋልን ጠሩት።